የረቢያ እግርና አልነሣ ያለችው መኪና

ሰው ተከራክሮ መሸነፉን ጽፎ ማውጣት አይወድም፤ እኔም አልወድም። ነገር ግን ይህ የአንዲት ሴት ስም ጉዳይ ነው። ስሟ ሲጠፋ ካጠፉት አንዷ እኔ ነበርሁና፣ እንዴት እንደተመለሰ መናገሩም የኔ ፋንታ ነው።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጎባ ላይ አንድ ቤትና አንድ አሮጌ ላንድሮቨር ትቶልኝ ሞተ። መኪናዋን የሚነዱልኝ አቶ ገብረ መድኅን ይባላሉ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ መንዳት ከጣልያን ጊዜ ጀምሮ የሚያውቁ፣ የሰው ገንዘብ የማይነኩ ሽማግሌ ናቸው። ማክሰኞ ማክሰኞ የዲንሾ ገበያ ስለሆነ ጧት ከጎባ ተነሥተው በሮቤ በኩል ዲንሾ ይወጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ ነጋዴዎቹን ከነቅቤያቸው ጭነው ይመለሳሉ።

በ፲፱፻፷፬ ዓመተ ምሕረት፣ መስከረም ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እኔም ገብስ ልገዛ አብሬያቸው ወጣሁ። ሮቤን አልፈን ጥቂት እንደሄድን አንድ ወጣት የቆዳ ቦርሳ በትከሻው አንግቶ በእግሩ ሲሄድ አገኘነው። እጁን አነሣ። አቶ ገብረ መድኅን በመንገድ ላይ ሰው ትቶ ማለፍ አይሆንላቸውምና ቆሙ።

«ወዴት ነህ ልጄ?»

«ዲንሾ ነኝ አባባ። አላህ ይስጥልኝ።»

«ግባ። የማን ልጅ ነህ? ምን ትሠራለህ?»

«ዘይነዲን እባላለሁ። አዲስ አበባ የመኪና ሥራ ተምሬ ጨርሼ መመለሴ ነው። ጎባ ካለ ጋራዥ ልገባ ነው። አሁን አክስቴን ልጠይቅ እየሄድሁ ነው።»

«አክስትህ ማን ናት?»

«ረቢያ ትባላለች። ቅቤ ነጋዴዋ።»

የአቶ ገብረ መድኅን እግር ሳያስቡት ከነዳጁ ላይ ተነሣ። መኪናዋ ተንፏቀቀች። ዞር ብለው አዩኝ፤ እኔም መስኮቱን ማየት ጀመርሁ።

ለዚህ ምክንያት ነበረው። በክረምቱ ሁሉ መኪናችን ዲንሾ ላይ ‘አልነሣም’ ትል ነበር። አንድ ማክሰኞ እንቢ ትላለች፣ አንድ ማክሰኞ ትነሣለች። ጎባ ደርሳ ሲያዩዋት ደህና ናት። አቶ ገብረ መድኅን ሲያስተውሉ እንቢ የምትለው ረቢያ በተሳፈረችበት ቀን ሆኖ ተገኘ። «እግሯ ደረቅ ነው» አሉኝ። እኔም ‘እንግዲያው አታሳፍሯት’ አልሁ። ነገሩ በኛ መኪና ብቻ ቢቀር ምንም አልነበረ፤ ግን ቃል ከመኪና ይፈጥናል፣ ገበያውን ሁሉ አዳረሰው።

ልጁ አኳኋናችንን አይቶ ገባው። «አሃ! ያቺ መኪና ይህች ናት? ወሬውን ሮቤ ሰምቻለሁ» አለ።

«ይህች ናት» አሉ አቶ ገብረ መድኅን። «ስማ ልጄ፣ ፊት ለፊት መናገር ይሻላል። አክስትህ ክፉ ሴት ናት አላልሁም። ደግ ናት። ግን እግሯ አይቀናም። ደግነት ሌላ፣ እግር ሌላ።»

«ታዲያ አባባ፣ መኪናዋ አክስቴን በምን ለየቻት?»

«ፈረስ በምን ይለያል? የማይወደው ሰው ሲቀርበው ጆሮውን ያሾል የለም ወይ?»

«ፈረስ ዓይን አለው።»

«ይችም ሁለት አላት» ብለው በአገጫቸው ወደ ፊት መብራቶቹ አመለከቱ። እኔ ሳቅሁ። ልጁም ፈገግ አለ፤ ግን አልተወም።

«አይቆጡኝና፣ ስንት ጊዜ ነው እንቢ ያለች?»

«አክስትህ ስድስት ማክሰኞ ተሳፍራለች፤ አምስቱን ቀን እንቢ አለች። ታማ በቀረችባቸው ሁለት ማክሰኞዎች ግን ገና ስነካት ተነሣች። ከከለከልናት ወዲህ አራት ማክሰኞ ሆነ፤ አንድም ቀን አልከዳችኝም። እስቲ ይህን በምን ትምህርት ታፈርሰዋለህ?»

እኔም ጣልቃ ገባሁ። «ትምህርትህን አልንቅም። ግን ዓይን ያየውን መጽሐፍ አይሽረውም።»

ይስቅብናል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሳቀም። «አባባ፣ ይህን ሁሉ በቃልዎ ይዘውታል? አስተማሪያችን ቢያገኙዎት ደስ ባላቸው። እኛ ተማሪዎቹ ሳናይ መፍታት እንወዳለን፤ እርስዎ ግን አይተዋል» አለ።

አቶ ገብረ መድኅን ጢማቸውን ዳሰሱ። «ታዲያ አመንህ?»

«ያዩትን አምኛለሁ። አክስቴ ባለችበት ቀን መኪናዋ እንቢ ማለቷን አልክድም። ያስቆመቻት አክስቴ ናት የሚለውን ግን ገና አላመንሁም። ከአክስቴ ጋር አብሮ የሚመጣ ሌላ ነገር ይኖር ይሆናል።»

«ምን ይመጣል? ጥላዋ?»

«እሱን ነው የማላውቀው። እንቢ ስትል ድምፅ አላት?»

«ቀጭ ትልና ጭጭ ትላለች።»

«ከፊቷ በማኑቬላ፣ በእጅ ሲያዞሯትስ?»

«ትነሣለች! ለዚህ እኮ ነው የመኪና በሽታ አይደለም የምልህ። ቤንዚኗ ቢዘጋ፣ ካንዴላዋ ቢቆሽሽ በማኑቬላም አትነሣ። እኔ መኪና የማላውቅ መሰለህ?»

«እውነትዎን ነው። ቤንዚኑም ካንዴላውም ደህና ነው ማለት ነው። ባትሪውስ?»

«ጎባ አስፈትሸነዋል። ደህና ነው አሉ።»

«እንግዲያው በሽታው በባትሪውና ሞተሩን በሚያስነሣው ሞተሪኖ መካከል አንድ ቦታ ተደብቋል» አለ። እኔ ግን በልቤ ‘ለአክስቱ ጠበቃ የቆመ ሰው ሰበብ አያጣም’ አልሁ።

ዲንሾ ስንደርስ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። አቶ ገብረ መድኅን መኪናዋን ከገበያው ዳር አቆሙ፤ እኔ ወደ ገብስ ተራ ሄድሁ። መንገዱ በቅቤ ተራ በኩል ነው። ሴቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ከመጨረሻዋ ሴት አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብላ ረቢያ ብቻዋን ተቀምጣለች። የቅቤ ቅሏ እስከ አፉ ሙሉ ነው። እሷ ራቅ ብላ አልተቀመጠችም፤ እነሱ ናቸው የራቋት።

«ነጋ ነው ረቢያ?» አልኋት፤ በቋንቋዋ ‘ሰላም ነው?’ ማለት ነው።

«ነጋ ነው። ገብሱ እዚያ ማዶ ነው ወይዘሮ ሠርከአዲስ» አለችኝ፤ ቶሎ ሂጂልኝ ማለቷ ነው።

«ቅቤሽ አልተሸጠም?»

«ማን ይገዛል? ደረቅ እግር የዞረበት ቅቤ ተብሎ! ይሁን፣ ቅቤው ይቅር። የልጄን የዙቤዳን ነገር የጀመሩት ሰዎች ሽማግሌ ሊልኩ ቀን ቆርጠው ነበር። አሁን ‘እስቲ መኸሩ ይለፍ’ አሉ። መኸሩ ከኔ እግር ጋር ምን አለው? ወላሂ፣ እናንተ ከመኪና አወረዳችሁኝ፣ ሰው ደግሞ ከሰው ተራ አወረደኝ።»

እውነቷን ነበር። አፌ ግን ‘አጥፍተናል’ ለማለት አልታዘዘኝም። እኔ አንድ ነገር ከያዝሁ ቶሎ አልለቅም።

ገብሱን ገዝቼ ስመለስ ልጁና ሽማግሌው መኪናዋ አጠገብ ቆመው ይጨቃጨቃሉ።

«አባባ፣ መኪናዋን ካቆሙባት ሰዓት እስከሚያስነሡባት ያለውን አንድ በአንድ ይንገሩኝ። ‘ይህ ትንሽ ነገር ነው’ ብለው አይዝለሉብኝ።»

«ሦስተኛ ጊዜ ነው የምነግርህ! አቆማለሁ። ከጎማ ሥር ድንጋይ አደርጋለሁ። ውኃዋን አያለሁ። ምሳዬን እበላለሁ። ጭነት እጭናለሁ። አማትቤ እነካታለሁ።»

«አክስቴ ባለችባቸው ቀኖችም እንዲሁ ነው?»

«እንዲሁ ነው። ምሳዬን እበላለሁ፣ ቅቤዬን እቀባለሁ፣ ጭነት እጭናለሁ፣ አማትቤ...»

«ቅቤ?»

«አክስትህ ስትመጣ በቅጠል ጠቅልላ ትሰጠኝ ነበር።»

«የት ነው የሚቀቡት?»

«የት ይቀባል? አናት ነዋ።»

«የራስዎን አናት?»

«የመኪናዋን! የባትሪዋን አናት!»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። አቶ ገብረ መድኅን ከልብ ተቆጡ። «ምን ያስቅዎታል ወይዘሮ? ልጅ ሲወለድ ቅቤ ይቀምሳል፣ ሙሽራ አናቷ ላይ ቅቤ ይደረግላታል። ይህች የሰው ነፍስ ተሸክማ ገደል ለገደል የምትሄድ መኪና ሲሆን ነው ነውሩ? ደግሞ ከራሴ አላመጣሁትም። ጎባ የነበረው ጣልያን መካኒክ ራሱ ባትሪ ሲያስር ሲቀባ አይቻለሁ።»

«እሱ የቀባው ግራሶ፣ የመኪና ቅባት ነው፣ አባባ። ግን ሲቀባ ብረቱን አጥብቆ ከጨረሰ በኋላ ነበር ወይስ ከማጥበቁ በፊት?»

ሽማግሌው አሰቡ። ውሸት አይሆንላቸውም። «ከጨረሰ በኋላ ነው። ከላይ ከላይ፣ በስስት ነው የቀባው። እኔ ግን እንደሱ ንፉግ አይደለሁም። አላቅቄ ውስጡንም ውጩንም እቀባለሁ።»

ልጁ ኮፈኑን ከፈተ። የባትሪውን አናት ጨብጦ የሚይዘውን ብረት፣ እነሱ ሞርሴቶ የሚሉትን፣ በሁለት ጣቱ ቢይዘው እንደ ቆብ ወለቀ። ውስጡ ቢጫ፣ ቡኒና አረንጓዴ ሆኖ ቆሽሿል፤ የቆየ ቅቤ ሸተተን።

«ይኸውና ከአክስቴ ጋር የሚመጣው ነገር» አለ።

«ቅቤ? ቅቤ እንዴት ክፉ ይሆናል? ቅቤ በረከት ነው!»

«እግሯ ደረቅ ነው እያሉ ቅቤዋን እንዴት ይቀቡ ነበር?»

«እግሯ ነው እንጂ ቅቤዋ ምን አደረገ? ያው እግሯ ያደረቀውን ቅቤዋ ያለስልስልኝ ብዬ ነው» አሉ፤ ሲናገሩት ለራሳቸውም እንግዳ ሆነባቸው መሰለኝ፣ ድምፃቸው ቀነሰ። ቶሎ ግን አገገሙ። «ቅቤ ብረት ያለሰልሳል፤ ያለሰለሰ ነገር እንዴት መንገድ ይዘጋል?»

«ለሚሽከረከር ብረት እውነት ነው። የባትሪ ኃይል ግን የሚያልፈው ብረት ብረትን ሲነካ ብቻ ነው። በመካከላቸው ቅቤ ሲገባ መንገዱ ይጠባል።»

«ተዘግቶ ከሆነ በማኑቬላ ለምን ትነሣለች? ማኑቬላም እሳት የሚያገኘው ከዚሁ ባትሪ ነው።»

እኔ ‘ያዙት!’ አልሁ በልቤ። ልጁ ግን ደስ አለው።

«አባባ፣ በጠባብ በር ሰው ብቻውን ያልፋል፤ ፈረስ ከነጭነቱ ግን አያልፍም። እሳት ለሚጭረው ካንዴላ የሚበቃው ኃይል ትንሽ ነው፣ ያልፋል። ሞተሪኖው የሚፈልገው ግን ብዙ ነው፣ በሩ ላይ ይቀራል።»

«እሺ፣ ጎባስ? ቅቤው እዚያው ተቀብቶ ሳለ ጎባ ላይ ለምን ትነሣለች?»

«የዲንሾ ብርድ ቅቤን ምን ያደርገዋል?»

«ድንጋይ።»

«እስከ ጎባ ያለ የሞተር ሙቀትስ?»

«ያቀልጠዋል፤ ቀልጦም ይፈሳል» አሉ አቶ ገብረ መድኅን። ወደ ባትሪው ጎንበስ ብለው ከሥሩ ተንጠባጥቦ የደረቀውን ቅቤ በጥፍራቸው ፋቁ።

«አንድ ነገር ብቻ ግራ ገባኝ» አለ ልጁ። «ከስድስቱ ማክሰኞዎች አንዱን ቀን አክስቴ ተሳፍራ ሳለች መኪናዋ ተነሥታለች። ያን ቀን ቅቤ አልሰጠችዎትም ነበር?»

«ስትሰጠኝ ቀርታ አታውቅም። ያን ቀንማ...» አሉና ቆሙ። «ያን ቀን ፍልሰታ ገብቶ ነበር። በጾም እጄ ቅቤ አይነካም። ጠቅልዬ ለጎረቤት ልጆች ወሰድሁት።»

ቀጥሎ ልጁ ቀስ ብሎ «ከአክስቴ ሌላ ቅቤ የሚሰጥዎት ነጋዴ የለም?» ብሎ ጠየቀ።

«ማን ይሰጠኛል? እነዚያ ንፉጎች ናቸው። የምትሰጠኝ እሷ ብቻ ናት።»

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቁም። ረቢያ የተጠላችው ከሁሉ ይልቅ ቸር ስለሆነች ነው። ባትሰጥ ኖሮ መኪናዋ ትነሣ ነበር፣ ስሟም አይጠፋም ነበር። ይህ ሲገባኝ ገብሴን እዚያው ጥዬ ወደ ቅቤ ተራ ሄድሁና በሰው ሁሉ ፊት ከረቢያ ቅቤ ገዛሁ። ከዚያም «ነይ፣ መኪናው ላይ ተቀመጪልኝ። እንፈትናለን» አልኋት።

«አልቀመጥም።»

«ዘይነዲን አገኘው እኮ! ቅቤው ነው አለ።»

«ባትነሣስ?» አለች። «አሁን ሰው የሚያወራው በሹክሹክታ ነው። ገበያው ሁሉ እያየ እኔ ተቀምጬ መኪናዋ እንቢ ብትል፣ ወይዘሮ፣ እኔ ዲንሾ መኖር እችላለሁ? ዙቤዳስ ባል ታገኛለች?»

ዘይነዲን መጥቶ አጠገቧ ተንበረከከ። «አክስቴ፣ ባትነሣ ጎባ የምገባው ሥራ ይቅርብኝ፤ ቦርሳዬን ሸጬ ካንቺ ጋር ቅቤ እነግዳለሁ።»

«አንተ? ቅቤ ትነግዳለህ?» አለች። «ትበላው የለም ወይ!» ከዚያ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች።

ሰው ተሰበሰበ። ልጁ ብረቱን በቤንዚን ጨርቅ ወለወለ፣ በቢላ እስኪያበራ ፋቀው፣ በብሎን መፍቻው፣ በኪያቤ፣ አጠበቀው። ረቢያ ከፊት ተቀመጠች፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ፊቷን ወደ ተራራው አዞረች። አቶ ገብረ መድኅን አማተቡና ነኩ። መኪናዋ ባንድ ጊዜ ተነሣች።

ሰዉ ‘ኧረ!’ አለ። አቶ ገብረ መድኅን ግን ሞተሩን አጠፉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንድ ጊዜ ነው። እንቢ ያለችው አምስት ጊዜ ነው። ዛሬ ቀኗ ሊሆን ይችላል።»

«ትክክል» አለ ልጁ። «እንግዲያው አክስቴ ትውረድና እስከዚያ ዛፍ ድረስ ትራቅ። እርስዎ ደግሞ እንደ ልማድዎ ይቀቡ።»

ረቢያ ሄደች። አቶ ገብረ መድኅን ከገዛሁት ቅቤ ወስደው፣ ብረቱን አላቅቀው፣ ውስጡንም ውጩንም ቀቡ፤ በእጃቸው ጫን አድርገው መለሱት። ነፋሱ ቅቤውን እስኪያደነድነው ጠበቅን። ልጁ የፊት መብራቶቹን አበራና «የመብራቱም ኃይል በዚያችው ጠባብ በር ነው የሚያልፈው፤ እሱን እያዩ ይንኩ፤ እኔን ሳይሆን መብራቱን ይመኑ» አለ። ነኩ። ቀጭ አለች፤ ቦግ ብሎ የነበረው መብራት ድርግም አለ። እጃቸውን ሲያነሡ መብራቱ ተመለሰ። ደግመው ነኩ። ቀጭ። ድርግም። ጭጭ።

ረቢያ ከሩቅ ዛፉ ሥር ቆማለች።

ልጁ እንደገና ጠረገ፣ ፋቀ፣ ኪያቤውን ግን ለሽማግሌው ሰጣቸው። አጠበቁት። ነኩ። ተነሣች።

አቶ ገብረ መድኅን ሞተሩን አጠፉ። ወረዱና ልጁን «ምን ላድርግ ከእንግዲህ?» አሉት።

«ሞርሴቶውን በየወሩ ፈትተው ይፋቁ፣ አድርቀው ያጥብቁ። ከዚያ ከላይ ከላይ ብቻ ግራሶ በስሱ ይቀቡ። እንቢ ስትልዎት መጀመሪያ መብራቱን ይዩ። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ አይለውጡ፤ የቱ እንዳዳነው አያውቁምና።»

«ይህንስ አደርጋለሁ። እኔ የምጠይቅህ ስለ አክስትህ ነው።»

«እሱን እሷን ይጠይቋት።»

ሄዱ። እኔም ተከተልሁ። ዛፉ ሥር ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ መላጣ ራሳቸውን ነፋሱ ይመታዋል። «ረቢያ፣ አየሁ እንጂ አልመረመርሁም። ያስቆማት ያንቺ እግር አይደለም፤ የኔ እጅ ነው። ይቅር በይኝ» አሉ። እኔም «እኔም አብሬ ነኝ» አልሁ፤ ይህን ቃል ለማውጣት የደረሰብኝን እግዚአብሔር ያውቃል።

«እኔ ይቅር ብያለሁ» አለች ረቢያ። «ግን ለኔ እዚህ ዛፍ ሥር መናገር ምን ያደርግልኛል? እዚያ ይናገሩት፣ ቅቤ ተራ መካከል።»

ተመልሰው ሄዱ፤ በቅቤ ተራ መካከል ቆመው ያንኑ ቃል ጮክ ብለው ደገሙ። ጥሩ ተናገሩ። ከተሜዎቹና ነጋዴዎቹ ‘ይበል’ አሉ። አቶ ገብረ መድኅን ባርኔጣቸውን ሊያጠልቁ ሲሉ ረቢያ እጇን አነሣች።

«ቆይ ኦቦ ገብረ መድኅን። ይህ አማርኛው ነው። ስሜ የጠፋው ግን በሁለቱም ቋንቋ ነው። የዙቤዳን አማቾች የነገራቸው ሰው በአማርኛ አልነገራቸውም።»

ሽማግሌው ኦሮምኛ ያውቃሉ፤ አርባ ዓመት የኖሩበት አገር ነው። ግን የሚናገሩት ለዋጋና ለሰላምታ እንጂ ለይቅርታ አልነበረም። ላብ አላባቸው፣ በዚያ ብርድ። ከዚያ «በሌሳን ኪያ» አሉ፤ ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ነው። ከዚያም ስለ እግሯ፣ ስለ ባትሪው፣ ስለ ቅቤው እየተሰናከሉ እየተነሡ ተናገሩ። ቅቤ አናት ስለመቀባቱ ሲደርሱ ገበያው በሳቅ ፈረሰ፤ ረቢያም ሳቀች። ከተራው መጨረሻ ያለችው ሴት፣ ድሮ አጠገቧ ትቀመጥ የነበረች፣ ሳቁን ምክንያት አድርጋ ቅሏን ጎትታ ተጠጋቻት።

ከዚያ ወዲህ መኪናችን እንቢ ያለችው ሁለት ጊዜ ነው። አንዱን ቀን ሽቦ ተበጥሶ፣ አንዱን ቀን ባትሪው አርጅቶ፤ ሁለቱንም አቶ ገብረ መድኅን ራሳቸው መብራቱን አይተው ለዩት። በመንገድ አናድርም፣ ተሳፋሪ ማኑቬላ አያዞርም፣ ጭነት ብርድ ላይ አይውልም። የዙቤዳ ሽማግሌዎችም መኸር ሳይገባ መጡ።

እኔ የምመክረው ይህን ነው። ያየኸውን አትካድ፤ አቶ ገብረ መድኅን ያዩት እውነት ነበር። ግን አንድ ነገር ከሌላ ነገር ጋር አብሮ መጣ ብለህ ‘እሱ ነው ያመጣው’ አትበል፤ ለይተህ ሞክር፤ በተለይ ጥፋቱን የምትጥለው በሰው ላይ ሲሆን። ተሳስተህ ከተገኘህም ስሙን ባጠፋህበት ገበያ፣ ባጠፋህበት ቋንቋ፣ ቆመህ መልስለት። ያልባል፤ ግን አይገድልም።